ኦቬችኪን ያገባው 900 ነጥብ ሳይሆን 900 ጎል ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ሁሌ እንጀራ ልገዛ ስገባ ከሀበሻ ሱቁ በር ላይ ነው የማነሳው፣ ከፊት ገጹ ጀምሬ እስከ የሚከራይ ቤዝመንት ማስታወቂያው ድረስ ሳላነብ አላስቀምጠውም፣ ስለዚህ ይሄን ስጽፍላችሁ ተቀይሜ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ቆጥሬያችሁ መሆኑን እወቁልኝ። በባለፈው እትም የስፖርት ገጹ ግርጌ ላይ ስለ ዋሽንግተን ካፒታልሱ የአይስ ሆኪ ተጫዋች ስለ አሌክስ ኦቬችኪን አራት መስመር አውጥታችኋል፣ "900 ነጥብ አስቆጠረ" ይላል። ነጥብ አይደለም እኮ፣ ጎል ነው። ዘጠኝ መቶ ጎል።

ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን በአይስ ሆኪ ነጥብና ጎል በጣም ነው የሚለያዩት። ጎል ያገባ አንድ ነጥብ ይያዝለታል፣ ለጎሉ ያቀበለም አንድ ነጥብ ይያዝለታል፣ በአንድ ጎል እስከ ሁለት አቀባይ ይመዘገባል፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው የተጫዋቹ ነጥብ የሚባለው። ከኦቬችኪን በፊት በጎል አንደኛ የነበረው ዌይን ግሬትዝኪ በ1999 ጫማውን ሲሰቅል 2,857 ነጥብ ነበረው፣ ከዛ ውስጥ ጎሉ 894 ነው፣ የቀረው 1,963 ለሌላ ሰው ያቀበለው ነው፣ ማለት ያገባውን ጎል በሙሉ ብትሰርዙበት እንኳን እስካሁን በነጥብ የሚደርስበት ሰው የለም። እና 900 ነጥብ ያለው ተጫዋች ብዙ ነው፣ በሊጉ መደበኛ ጨዋታ 900 ጎል ያለው ግን ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ) በ1917 ከተመሰረተ ጀምሮ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ኖቬምበር 5 ቀን 2025 ማታ እዚሁ ዲሲ ውስጥ ከሴንት ሉዊስ ጋር ሲጫወት ነው ያገባት። የኛ ከተማ ሰው ነው። የናንተ ጋዜጣ የሚታደልበት ከተማ ሰው ነው።

እኔ ሆኪን የተዋወቅኩት በፓርኪንግ መስኮት ነው። ቻይናታውን፣ ካፒታል ዋን አሪና አጠገብ ካለ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ሆኜ ዓመታት ሰርቻለሁ፣ አሁንም እዛ አካባቢ ስንት የሀገሬ ልጅ አለ መሰላችሁ። ጨዋታ ባለ ቀን ከስራ መውጫ ሰዓት ጀምሮ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሰው ይጎርፋል፣ ማታ ሲወጡ ደግሞ ውጤቱን ሳልጠይቅ ከፊታቸው አውቀዋለሁ፣ ያሸነፉ ቀን መስታወቱን ዝቅ አድርገው መልሱን ያዢው ይሉኛል፣ የተሸነፉ ቀን ካርዱን እንኳን ዓይኔን ሳያዩ ነው የሚያቀብሉኝ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበረኝ፣ ሁሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚያቆመው፣ ሰው እስኪቀልለት ብሎ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ በፓርኪንግ ትኬት ጀርባ ላይ ሁለቱን ሰማያዊ መስመር ስሎ ያስረዳኝ እሱ ነው፣ ፐኳ (የሚመቷት ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር) ሳትገባ ሰው ቀድሞ መግባት የለበትም፣ በቃ እሱን ከያዝሽ ሌላው ይገባሻል አለኝ፣ እውነትም ገባኝ።

በ2018 ጁን 7 ማታ ተረኛ ነበርኩ። የዋንጫው ፍጻሜ ጨዋታ ላስ ቬጋስ ነው ግን ሰዉ አሪናው ውስጥና መንገዱ ላይ በትልቅ ስክሪን ያይ ነበር፣ እኔ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ አያለሁ፣ ስልኬ ደግሞ ከመንገዱ ጩኸት ትንሽ ይዘገያል፣ ስለዚህ ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ ሦስት ለሦስት ሲያደርጋት መጀመሪያ ጩኸቱ ነው የመጣልኝ፣ ግድግዳው ሁሉ አስተጋባ፣ ከዛ ነው ጎሉን ያየሁት። ቀጥሎ ላርስ ኤለር አራተኛዋን አገባ፣ 4 ለ 3 አለቀ። ክለቡ በ1974 ከተመሰረተ የመጀመሪያ ዋንጫው ነው። ያን ሌሊት ከጋራዡ የወጣ ሰው ሁሉ በመስኮት እጄን ጨብጦኝ ነው የሄደው፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ፣ አንዷ እንደውም አልቅሳለች፣ አባቷ ይሄን ሳያይ ነው የሞተው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን አለቀስኩ። ከዛን ቀን ጀምሮ ካፕስ (ካፒታልስን እንዲህ ነው የምንጠራው) ክለቤ ነው።

ወደ 2025 ስመጣ፣ ኤፕሪል 6 እሁድ ነበር፣ ሁዳዴ ነው፣ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ሽሮ ተጥዷል፣ እኔና ልጄ ቲቪ ፊት ነን። ኦቪ (ኦቬችኪን ማለቴ ነው) አንዲት የሱ የሆነች ቦታ አለችው፣ በግራ በኩል ያለችው ክብ ላይ ነው የሚቆመው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እዛ ነው የሚቆመው፣ ተቃራኒ ቡድን ያውቃል፣ በረኛው ያውቃል፣ ቲኬት ቆራጩ ሳይቀር ያውቃል፣ አሁንም አያቆሙትም። ፓወር ፕሌይ ነበር፣ ማለት የኒውዮርክ አይላንደርስ አንድ ሰው በቅጣት ወጥቶባቸው ጎድለዋል፣ ቶም ዊልሰን አሻግሮ አቀበለው፣ ኦቪ መታት፣ በረኛው ሶሮኪን ሲዘረጋ ፐኳ ገብታለች። 895። ትልቁ ሰውዬ በሆዱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ እንደ ልጅ፣ የቡድን ጓደኞቹ ተከመሩበት፣ ጨዋታው ቆመ፣ ግሬትዝኪ እራሱ ሜዳው ድረስ ወርዶ እንኳን ደስ አለህ አለው። ሽሮው አሯል። ግሬትዝኪ 894ቱን የጨረሰው በ1,487 ጨዋታ ነው፣ ኦቪ ደግሞ ያለፈው በዛው በ1,487ኛ ጨዋታው ነው፣ ይሄን ማን ያቅዳል? በዛው ሲዝን ኖቬምበር ላይ እግሩ ተሰብሮ 16 ጨዋታ አምልጦታል፣ ዕድሜው 39 ነው፣ ተመልሶ ሲዝኑን በ44 ጎል ጨረሰ። በዛ ሳምንት ጋዜጣችሁን ሳነሳ ስለሱ አንድ መስመር የለም፣ የአርሴናል ተከላካይ ጉዳት ግን ሙሉ ገጽ ነበር። ኳስ እኔም እወዳለሁ፣ ወንድሞቼ በአርሴናል ነው ያደጉት፣ ግን ለንደን ያለው ሰውዬ ጡንቻ ከኛ ሰፈር ታሪክ በልጦ መውጣቱ አንጀቴን አቃጥሎታል።

አንዷ ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት "እሱማ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ሀበሻ አያየውም፣ ለማን ይጽፉታል" አለችኝ። እናንተም እንደዛ አስባችሁ እንደሆነ እሰጋለሁ። አባቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፣ ከሰማንያ አልፏል፣ ልጄ ሆኪ ስትጫወት የቀረጽኩትን በቴሌግራም ላኩለትና እህቴ ስልኩን ይዛ አሳየችው፣ ትንሽ ዝም ብሎ አየና "ይሄማ ገና ጨዋታ ነው እኮ፣ እሩሯ ጠፍጣፋ ሆነች እንጂ" አለ። አያችሁ? አባቴ ሪንክ (የበረዶ ሜዳ) አይቶ አያውቅም፣ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ገባው። ጫፉ የታጠፈ ዱላ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ነገር፣ ሁለት ቡድን፣ ግፊያ፣ ትንፋሽ። እሱ በልጅነቱ ጥምዝ እንጨት ከጫካ እየመረጠ ነው ዱላውን የሚሰራው፣ ልጄ ደግሞ ስቲኳን በጥቁር ቴፕ ስትጠቀልል ከጫፍ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ከውስጥ ወደ ጫፍ እያለች ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች፣ አንድ ናቸው።

ስለ ድብድቡም አባቴን ጠይቄዋለሁ። በ2025 ፌብሩዋሪ በአራቱ ሀገሮች ውድድር ሞንትሪያል ላይ አሜሪካና ካናዳ ሲገናኙ በመጀመሪያዎቹ 9 ሰከንዶች ሦስት ድብድብ ነበር፣ ሁለቱ ካቻክ ወንድማማቾች ተራ በተራ፣ ከዛ ጄቲ ሚለር። ሰዉ ሁሉ ወደደው፣ እኔ አልወደድኩትም። እኛም በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንላለን፣ አባቴ ግን ያ አባባል ሆን ብለህ ምታ ማለት አይደለም ነው የሚለው፣ እሩሯን ስታባርር የመጣ ዱላ ነው ይቅር የሚባለው፣ እሩሯ ሳትነካ የተማታ ልጅ ተይዞ ነው የሚወጣው። እኔም እንደሱ ነኝ። ጓንት ጥሎ መደባደብ ከጨዋታው ሙቀት ሲመጣ ይገባኛል፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ግን ሆኪ አይደለም። አምስት ቀን ቆይቶ ቦስተን ላይ የተደረገው ፍጻሜ ነው ሆኪ፣ ኮኖር ማክዴቪድ በኦቨርታይም 3 ለ 2 ሲጨርሰው ያየ ሰው ድብድቡን ይረሳዋል፣ እኔ የአሜሪካ ደጋፊ ሆኜ እራሱ ተነስቼ አጨብጭቤያለሁ። እሱ ልጅ ያሳዝነኛል ደግሞ፣ ኤድመንተን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ፍጻሜ ገብቶ ሁለቱንም በፍሎሪዳ ተሸነፈ፣ በ2024ቱማ ተሸንፎ እራሱ የፕሌይኦፉ ኮከብ ተብሎ ነው የተመረጠው። የሆኪ ሀገር ካናዳ ከ1993 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አንድም ክለቧ ዋንጫውን አላነሳም፣ በረዶ የማያውቀው ፍሎሪዳ ግን ሁለቴ ተከታትሎ በላው። እዛ ኤድመንተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ጉዳይ አትደውዪልኝ ብላኛለች።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ። አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ስትጫወት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ስኬቷን (የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን) ከሰው የተረፈ በ40 ዶላር ነው የገዛሁላት፣ ልምምዱ ቅዳሜ ሳይነጋ ነው፣ በዛ ሰዓት የሪንኩ ብርድ ከውጪው ይብሳል፣ ክሩን ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉልበት ይፈልጋል፣ ጣቴን እስኪያመኝ ጎትቼ ቁርጭምጭሚቷን መታ መታ ሳደርጋት ነው የምትነሳው። ባለፈው ዓመት አንድ ስሙን የማልጠራው ሪንክ ለውድድር ሄደን ልብስ መቀየሪያው በር ላይ አንድ አባት፣ የሌላ ቡድን ልጅ አባት ነው፣ ለአጠገቡ ሰው "ይቺማ ቅርጫት ኳስ ይሻላት ነበር" ሲል ሰማነው። ቀስ ብሎም አላለውም። ልጄ ስቲኳን ቴፕ እያደረገች ነበር፣ እጇ አንዴ ቆም አለ፣ ከዛ ቀጠለች። ቀና ብላም አላየችኝም። መኪና ውስጥ ነው የጠየቀችኝ፣ ማሚ ለምንድነው ቅርጫት ኳስ ያለኝ ብላ። ምን ልበላት?

ያልኳትን ልንገራችሁ። ስለዛ 2018 ላይ ስላስለቀሰኝ ስሚዝ ፔሊ ነገርኳት፣ በዛው ዓመት ፌብሩዋሪ ቺካጎ ላይ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ደጋፊዎች "ባስኬትቦል፣ ባስኬትቦል" እያሉ ዘፈኑበት፣ አራቱን ከአዳራሹ አስወጧቸው፣ ከአራት ወር በኋላ እሱ ዋንጫ አነሳ። ስለ ዊሊ ኦሪ ነገርኳት፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ሞንትሪያል ላይ ሲሰለፍ በኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፣ ያውም ቀኝ ዓይኑ ሳያይለት ነው የተጫወተው፣ ደብቆ ነው። ከናይጄሪያ አባት ኤድመንተን ስለተወለደው ጀሮም ኢጊንላ ነገርኳት፣ በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ፍጻሜ ሲድኒ ክሮዝቢ በኦቨርታይም ያገባት ያቺ የወርቅ ጎል፣ ያቀበለው ኢጊንላ ነው። ሃሊፋክስ ውስጥ ጥቁሮች የራሳቸውን የሆኪ ሊግ በ1895 አቋቁመው እንደነበርም ነገርኳት፣ ኤንኤችኤል ሳይወለድ ከሃያ ዓመት በፊት ማለት ነው። የሰው ጨዋታ የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

ግን እሷን የያዛት ላይላ ኤድዋርድስ ናት። ክሊቭላንድ ሃይትስ ኦሃዮ ያደገች፣ ለዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተጫወተች፣ በ2023 ለአሜሪካ ዋናው የሴቶች ብሄራዊ ቡድን የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። በ2024 የዓለም ሻምፒዮና ዩቲካ ኒውዮርክ ላይ የውድድሩ ኮከብ ተባለች፣ ገና 20 ዓመቷ ነበር። አጥቂ ሆና ኮከብ የተባለችውን ልጅ አሁን ብሄራዊ ቡድኑ ተከላካይ አድርጎ ነው የሚያጫውታት፣ አይከፋትም፣ እዛም ትችለዋለች፣ ረጅም ናት፣ ስቲኳ ሩቅ ይደርሳል፣ ከኋላ ሆና ሜዳውን ስታየው ሌላ ጨዋታ ነው። ልጄም አሰልጣኟን እኔም ተከላካይ ልሁን አለችው። የላይላ ፎቶ ክፍሏ ውስጥ አለ፣ ከአልጋዋ በላይ፣ ከቅድስት ማርያም ስዕል ጎን። እስኪ ንገሩኝ፣ ይሄ ለሀበሻ ልጅ የማይጻፍ ታሪክ ነው? ሴቶቹ አሁን ከኮሌጅ በኋላም የሚሄዱበት አላቸው፣ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ በጃንዋሪ 2024 በስድስት ቡድን ጀመረ፣ የ2024ንም የ2025ንም ዋንጫ ሚኒሶታ በላ፣ ለ2025-26 ሲዝን ሲያትልና ቫንኩቨር ተጨምረው ስምንት ሆኑ። ሚኒሶታ ስንት ሀበሻ አለ? አንድ ሰው ስለዚህ ጽፎላቸዋል?

አንድ በጣም የሚያበሳጨኝ ነገር አለ እሱን ሳልል አላልፍም። የአንገት መከላከያ። ኦክቶበር 28 ቀን 2023 እንግሊዝ ሼፊልድ ላይ አዳም ጆንሰን የሚባል የኖቲንግሃም ፓንተርስ ተጫዋች፣ የሚኒሶታ ልጅ፣ 29 ዓመቱ፣ ጨዋታ ላይ የሌላ ሰው ስኬት ምላጭ አንገቱን ቆርጦት ሞተ። ሰው ፊት። ከዛ በኋላ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በውድድሮቹ ግዴታ አደረገው፣ አሜሪካ ውስጥም ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ሳያደርግ ሜዳ አይገባም፣ ልጄ ታደርገዋለች፣ ይሞቃል ትላለች ግን ታደርገዋለች። ኤንኤችኤልስ? በ2025 ጁላይ በወጣው አዲሱ የሰራተኛ ስምምነት ላይ ከ2026-27 ሲዝን ጀምሮ ግዴታ የሚሆነው አዲስ ለሚገቡት ብቻ ነው፣ ቀድሞ የተጫወተ ከፈለገ ያደርጋል ካልፈለገ ይተወዋል። ሁሌ እንደዚህ ናቸው። ሄልሜትን በ1979 ግዴታ ሲያደርጉ የነበሩትን ትተው ነው፣ የመጨረሻው ባዶ ራስ ተጫዋች ክሬግ ማክታቪሽ እስከ 1997 ድረስ ያለ ሄልሜት ተጫወተ። የፊት መስታወቱንም በ2013 እንደዛው። የልምድ ጉዳይ ነው ይላሉ፣ ይገባኛል፣ ግን አንገት እኮ ነው። ልጆች የሚያዩት ትልልቆቹን ነው፣ ልጄ ኦቪ ለምን አያደርግም ብላ ስትጠይቀኝ መልስ የለኝም። የሀበሻ እናቶች ልጃችሁ መጫወት ከጀመረ በዚህ ላይ አትደራደሩ፣ የእጅ አንጓውንም የሚከላከል አለ፣ አብራችሁ ግዙ።

ስለ ራሺያ ደግሞ አስተያየቴን የማይወድ እንዳለ አውቃለሁ። በ2022 ፌብሩዋሪ ራሺያና ቤላሩስ ከዓለም አቀፍ ሆኪ ታገዱ፣ ለ2026ቱ ኦሎምፒክም አይገቡም። እገዳው ልክ ነው እላለሁ። ጦርነት ምን እንደሚያደርግ እኛ ስናለቅስ የኖርን ሰዎች ነን፣ ሰው እየሞተ ባንዲራ ይዞ በረዶ ላይ መዞር አይቻልም። ግን ልቤ ይቆረጣል፣ ኒኪታ ኩቼሮቭ፣ ኪሪል ካፕሪዞቭ፣ በረኛው ሸስተርኪን፣ ኦቪ እራሱ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በክለቡ እየተጫወተ ለሀገሩ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው። ኦቪን በጎሉ እወደዋለሁ፣ ከፑቲን ጋር የተነሳውን ፎቶ ፕሮፋይሉ ላይ አድርጎ መቆየቱ ግን ያሳዝነኛል፣ እናቱና ዘመዱ እዛ እንዳለ ሰው ምን መናገር እንደሚችል ደግሞ እኛ ሀበሾች እናውቃለን፣ ስለዚህ አልፈርድበትም፣ ዝም ብዬም አላልፈውም። ሁለቱንም ነው የምለው።

ኦሎምፒኩ ፌብሩዋሪ 2026 ሚላን ነው። የኤንኤችኤል ተጫዋቾች ከሶቺ 2014 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚመለሱት፣ አስራ ሁለት ዓመት ማለት እኮ ልጄ ሳትወለድ ነው። አሜሪካ ከጀርመን፣ ከላትቪያና ከዴንማርክ ጋር ናት፣ ዴንማርክን እንዳትንቋት፣ በ2025ቱ የዓለም ሻምፒዮና ካናዳን ሩብ ፍጻሜ ላይ 2 ለ 1 ጥላታለች። የአሜሪካ ወንዶች ከ1980 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ የኦሎምፒክ ወርቅ አላገኙም፣ በ2025 ሜይ ግን ስቶክሆልም ላይ ስዊዘርላንድን በኦቨርታይም 1 ለ 0 አሸንፈው ከ1933 ወዲህ የዓለም ሻምፒዮናውን ለመጀመሪያ ጊዜ በልተዋል፣ ስለዚህ ተስፋ አለኝ። ካናዳ ማክዴቪድ አላት፣ ማኪነን አላት፣ ማካር አለ፣ ክሮዝቢ በ38 ዓመቱ አለ፣ በአጥቂ ትበልጠናለች፣ በበረኛ ግን ሄልባክ ያለው ሀገር አያንስም፣ የ2024-25 ሲዝን ኮከብም የሲዝኑ ምርጥ በረኛም ተብሏል። ቶም ዊልሰንን ደግሞ ካናዳ ሳትመርጠው ከቀረች ትሳሳታለች፣ ይሄን የምለው የክለቤ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ በረኛ ፊት ቆሞ የማይነቃነቅ ሰው በአጭር ውድድር ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሴቶች በ2025 ኤፕሪል ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ካናዳን በኦቨርታይም 4 ለ 3 አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆነው ነው የሚሄዱት፣ እንደኔ ወርቁ የነሱ ነው።

ደግሞ ጣሊያንና እኛ በክረምት ኦሎምፒክ የምንተዋወቀው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። በ2006 ቶሪኖ ላይ ሮቤል ተክለማርያም አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ ባንዲራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ ገባ፣ ያኔ ስንቱ ሰው ሀበሻ በበረዶ አለ። ኬንያዎቹ እኮ ናይሮቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ባለች ትንሽ ሪንክ ላይ ቡድን አቋቁመዋል፣ አይስ ላየንስ ይባላሉ፣ በ2018 ቶሮንቶ ድረስ ሄደው ከክሮዝቢና ከማኪነን ጋር ተጫውተዋል፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም በ2024 አባል አድርጓቸዋል። ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለነሱ በአማርኛ አንድ ቃል አንብቤ አላውቅም።

አንድ ሁለት ጠቃሚ ነገር ጣል ላድርግና ልጨርስ፣ እነዚህንም ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ካፕስ ልምምድ የሚያደርጉት አርሊንግተን ቦልስተን ከሞሉ ፓርኪንግ አናት ላይ ስምንተኛ ፎቅ ባለው ሪንክ ነው፣ ልምምዳቸውን ህዝብ በነጻ ያያል፣ ቲኬት የለውም፣ ልጆቻችሁን ውሰዱ፣ መስታወቱ ጋ ተጠግታችሁ ፐኳ እንጨቱን ስትመታ ያለውን ድምጽ ስሙት፣ በቲቪ እንደዛ አይሰማም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ፎርት ዱፖንት ካነንስ የሚባል የልጆች ቡድን አለ፣ ኒል ሄንደርሰን የሚባሉ ሰው በ1978 ነው የመሰረቱት፣ በሰሜን አሜሪካ ለጥቁርና ለሌሎች ልጆች ከተቋቋሙት ሁሉ ቀዳሚው ነው፣ እሳቸውም በ2019 የአሜሪካ ሆኪ ታዋቂዎች አዳራሽ ገብተዋል። ገንዘብ የለኝም ብሎ ልጁን ከጨዋታው የሚያስቀር ወላጅ ካለ መጀመሪያ እዛ ሄዶ ይጠይቅ።

ክለቡ ወደኛ ወደ አሌክሳንድሪያ ሊዛወር ነው ተብሎ ዲሴምበር 2023 ላይ ሲወራ እናንተም ስለ ቤት ዋጋ ጽፋችሁ ነበር አስታውሳለሁ፣ ማርች 2024 ላይ ሀሳቡ ሲፈርስና ዲሲ 515 ሚሊዮን ዶላር መድቦ እስከ 2050 እንዲቆይ ሲያደርገው ግን አልጻፋችሁም። ቤቴ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ቢመጣልኝ በእግሬ እሄድ ነበር፣ ግን በመቅረቱ ደስ ብሎኛል፣ ቻይናታውን ያሉት ጋራዦች ውስጥ መስኮት ስር የተቀመጡትን ሴቶች አውቃቸዋለሁ፣ ጨዋታ የሌለበት ማታ ስንት ሰዓት እንደሚቆረጥባቸው አውቃለሁ።

እና ማስተካከያውን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልኝ እለምናለሁ፣ ትንሽ ቦታ ብትሆንም ግድ የለም። "900 ነጥብ" የሚለው "900 ጎል" ተብሎ ይነበብ በሉልኝ። ልጄ አማርኛ ማንበብ እየተማረች ነው፣ የባለፈውን አራት መስመር ቆርጣ ልትለጥፍ ስትል ስህተቷን ያገኘችው እሷ ናት፣ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ "ነ፣ ጥ፣ ብ፣ ማሚ ይሄ ጎል አይልም" አለችኝ። ግድግዳው ላይ ከላይላ ፎቶ ስር ክፍት ቦታ ትታለታለች።

አክባሪያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ